ኒሙን ለመሰንጠቅ የተገዛ መጋዝ

ከጦርነቱ ሽሽት ወደ ሰፈራችን ወደ ሶባ ስንመለስ ቤቱ ቆሞ ነበር፤ በር ግን አልነበረውም። የእኛ ክፍል፣ የሐጃ ክፍል፣ ማድ ቤቱ፣ ሽንት ቤቱ ሳይቀር አፉን ከፍቶ ጠበቀን። ዘራፊዎቹ የመብራቱን ሽቦ ከግድግዳ ውስጥ ፈልቅቀው፣ መስኮቶቹን ከነፍሬማቸው ነቅለው ሄደዋል። በሮቹን ለማገዶ ይውሰዷቸው ለሽያጭ እስከ ዛሬ አላወቅንም። በየበሩ ላይ ብርድ ልብስና አንሶላ ሰቅለን ኑሮ ጀመርን።

ሐጃ የምላቸው የቤቱን ባለቤት ነው። ባላቸው የሞቱባቸው፣ ልጆቻቸው ግብፅና ሳዑዲ የተበተኑባቸው ሱዳናዊት አሮጊት ናቸው። እኔና ባሌ ከግቢያቸው አንዱን ክፍል ተከራይተን ብዙ ዓመት ኖረናል። ጦርነቱ ሰፈራችን ሲደርስ ወደ ገዳሪፍ የሚሄድ የጭነት መኪና አገኘን። «ሐጃ፣ ይነሱ፣ አብረን እንሂድ» አልናቸው። «እግሬ አይችልም፤ እናንተ ሂዱ» አሉን። ሄድን። ልንሸከማቸው እንችል እንደነበር ያሰብኩት መኪናው ከተማውን ለቆ ከወጣ በኋላ ነው። ስንመለስ በሕይወት አገኘናቸው። ጎረቤት ውሃና ዳቦ እያቀበላቸው ቆይተዋል። «ኸላስ፣ በቃ፣ መጣችሁ አይደል፣ አልሐምዱሊላህ» ብለው አቀፉን እንጂ አንድም ቀን አልወቀሱንም። ቢወቅሱን ይሻል ነበር።

በግቢው መሃል ከእርሳቸው ባል ጊዜ ጀምሮ የቆመ ትልቅ የኒም ዛፍ ነበር። በተመለስንበት ክረምት የመጣ አንድ ሃቡብ፣ ያ ቀዩ የአቧራ ማዕበል፣ ከሥሩ ነቅሎ ጣለው። ማድ ቤቱን ለጥቂት ስቶ፣ በግቢው ቁመት ተጋደመ። በማግስቱ ጎረቤቱ ሁሉ ፋስ ይዞ መጣ፤ ያኔ ማገዶ እንደ ስኳር የሚፈለግ ነገር ነበር። ሐጃ ቅርንጫፉን ለሁሉም አከፋፈሉ። ግንዱን ግን ማንም እንዳይነካ ከለከሉ። ከዚያ ባሌን ጠሩትና በምርኩዛቸው ግንዱን መታ መታ እያደረጉ፣

«ያ ኡስታ፣ ከዚህ ውስጥ ስንት በር ይወጣል?» አሉት።

ሱዳኖች ባለሙያን ኡስታ ይላሉ። ባሌ አናጢ ነው። ከጦርነቱ በፊት ዐማራት በሚባለው የሀብታሞች ሰፈር ውስጥ እርሱ የሠራው ቁምሳጥን የሌለበት ቪላ ጥቂት ነበር። ግንዱን ዞሮ ዞሮ አየው፤ በክንዱ ለካው፤ በጥፍሩ ልጡን ፋቅ አድርጎ ቀመሰው።

«ኒም መራራ ነው፤ ምስጥ አይበላውም። ለግቢው ሁሉ በር ይበቃል» አላቸው።

ያን ቀን ፊቱን ሳየው ከገዳሪፍ ከተመለስን ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብሎ ነበር። በሽሽቱ መንገድ ላይ ከጭነት መኪናው ወድቆ የቀኝ ትከሻው ተሰብሯል። በጊዜው ሐኪም አላገኘንም፤ አጥንቱ እንደተጣመመ ገጠመ። መላጊያ መግፋት ይችላል፣ ምስማር መምታት ይችላል፤ ክንዱን ከደረቱ በላይ ማንሳት ወይም አንድን ነገር በኃይል ወደ ኋላ መሳብ ግን አይችልም። ይህን ከእኔ በቀር የሚያውቅ አልነበረም። ሥራ ሲጠሩት «ጊዜ የለኝም» ይል ነበር እንጂ «ክንዴ» አይልም።

ግንዱን ወደ እንጨት መሰንጠቂያ የሚወስድ መኪና አልነበረም፤ በአቅራቢያችን የሚሠራ መሰንጠቂያም አልቀረም። ስለዚህ ጣውላውን እዚያው ግቢ ውስጥ ማውጣት ነበረብን። ባሌ የሞተር መጋዝ እንግዛ አለ። ገዳሪፍ ሳለን በሰው ማድ ቤት ሠርቼ ያስቀመጥኩት ገንዘብ ነበረኝ፤ በር ከማጣት የባሰ ነገር የለም ብዬ ተስማማሁ።

ለሳምንት ያህል ሌላ ወሬ አልነበረንም። እራት ላይ፣ ውሃ ስንቀዳ፣ እሁድ ከጸሎት ስንመለስ ስለ መጋዝ ብቻ ያወራኛል።

«ዛፍ መጣልና ጣውላ ማውጣት አንድ አይደለም» ይለኛል። «ግንድ አቋርጠሽ ስትቆርጪ መጋዙ ባንዴ ያልፋል፣ ያርፋል። በቁመቱ ስትሰነጥቂው ግን ከዚያ ጫፍ እስከዚህ ጫፍ ሳያርፍ ነው የሚሠራው። ትንሽ ሞተር ይግላል፤ መጨረሻው መቃጠል ነው።»

«ታዲያ ትልቅ ይሁን?»

«ትልቅ ደግሞ ይከብዳል። ሰንሰለቱ የሚዞርበት ብረት ከግንዱ ወርድ መርዘም አለበት። የሰንሰለቱም ጥርስ ለስንጠቃ ተብሎ በሌላ አሞራረድ መሞረድ አለበት። ያንን እኔ እሞርደዋለሁ።»

ያንን ረጅም ብረት እኔ ምላሱ እለው ጀመር፤ እርሱም ሳቀና ምላሱ ማለት ጀመረ። ጣውላው እኩል ውፍረት እንዲኖረው ምላሱ ላይ የሚታሰር የብረት ፍሬም እንደሚያስበይድ በጣቱ መሬት ላይ ስሎ አሳየኝ። እኔ መካከለኛውን መጋዝ እንግዛ የሚል ሐሳብ ነበረኝ፤ እርሱም በመጨረሻ «መካከለኛው ይበቃናል፤ ቀስ እያልን እንሠራለን» ብሎ ነበር። ይህን ተስማምተን ነው ከቤት የወጣነው።

ከሶባ ኦምዱርማን ገበያ ለመድረስ ሃፍላ የሚሉትን አውቶቡስ እየቀያየርን ረፋድ ሆነ። መንገዱን ዳር ዳሩን የተቃጠሉ መኪኖች ገና አልተነሱም ነበር። መጋዝ የሚሸጥበት ሱቅ ደጃፍ ላይ የውሃ መሳቢያ ሞተሮችና ጄኔሬተሮች ተደርድረዋል፤ መጋዞቹ ከውስጥ መደርደሪያ ላይ ናቸው። ሦስት ሰዎች ባንኮኒው አጠገብ ሻይ ይጠጣሉ። ባለሱቁ ጨዋ ሰው ነበር። ትንሽ፣ መካከለኛና ትልቅ የቤንዚን መጋዝ አውርዶ ፊታችን ደረደረ። ጥግ ላይ ደግሞ በኤሌክትሪክ የሚሠራ አንድ ነበር፤ ባሌ አይቶት «መብራት የት አለና?» ብሎ አለፈው።

ትንሹን በእግሩ ገፋ አደረገው። «ይሄ ለቅርንጫፍ ነው።» ከዚያ መካከለኛውን አነሳው፤ ምላሱን በስንዝር ለካ፤ ሰንሰለቱን በጣቱ ጎተተው። ባለሱቁ ሲያየው ባለሙያ መሆኑ ገባው።

«ኡስታ፣ ከእኔ ሱቅ ሞተር ሳያስነሱት አይወጣም» አለ። «ነገ ተመልሰህ አልነሳም እንዳትለኝ። ራስህ አስነሳውና ውሰድ።»

ባሌን አየሁት፤ እርሱ እኔን አላየኝም። መጋዙን ወደ ደጅ አውጥቶ መሬት ላይ አስቀመጠው፤ በቀኝ እግሩ እጀታውን ረገጠ፤ ገመዱን በቀኝ እጁ ይዞ ሳበ። ክንዱ መንገድ ላይ ቆመ። ሞተሩ እህ ብሎ ዝም አለ። ደገመው። እንደገና ቆመ። ከዚያ በግራው ሞከረ፤ ቀኝ እጁ መጋዙን አጥብቆ መያዝ ስላልቻለ መጋዙ ከነገመዱ ተነሳበት። ግንባሩ ላይ ላብ አየሁ። ሻይ ከሚጠጡት አንዱ «አዲስ ሞተር ነው፤ አዲስ ይጠነክራል፣ መዓሌሽ፣ አይዞህ» አለ። ለማጽናናት ነው። ባሌ ግን ጆሮው ሁሉ ቀላ።

«እስቲ» አልኩ።

ማንም እስቲ በይ አላለኝም። ነጠላዬን ወገቤ ላይ አሰርኩና ጎንበስ ብዬ ሳብኩት። በሁለተኛው ተነሳ። ሱቁ በጩኸት ተሞላ፤ ሻይ ጠጪዎቹ ብርጭቆአቸውን አስቀምጠው አጨበጨቡ።

«ማሻአላህ! ያ ሐበሺያ!»

«ኡስታ፣ አንተ ጣውላ ቁጠር፤ እሷ ትቁረጥ!»

እኔም ሳቅኩ። ከእነርሱ ጋር ዞሬ ሳቅኩ። ደስ ብሎኝ ነበር፤ መደበቅ የማልችለው ይህን ነው። አል-ማንሺያ ሰፈር በሰው ቤት ስሠራ ስንት ዓመት ውሃ የጠጣ ምንጣፍ ጎትቼ አጥር ላይ ሰቅያለሁ፣ የጋዝ ሲሊንደር ደረጃ አውጥቻለሁ፤ ለክንዴ ያጨበጨበለት ሰው ግን አልነበረም። ያ ጭብጨባ ጣፈጠኝ። ሳቄን ሳልጨርስ ዞር ስል ባሌ ባንኮኒው ላይ ተደግፎ ባለሱቁን እያየ ነበር።

«ትልቁን ስጠኝ» አለው።

«መካከለኛውን አልነበር የያዝከው?» አለ ባለሱቁ።

«ትልቁን ነው የምወስደው።»

ባለሱቁ አንዴ እርሱን አንዴ እኔን አየና፣ ያንን ሳያስነሱ አይወጣም ያለውን ሕጉን ረስቶ ጠቀለለለት። ትልቁ በጣም ከባድ ነበር፤ ምላሱ ብቻውን የእኔን ክንድ ያህላል። ሃፍላው ውስጥ ጭኑ ላይ አስቀምጦ ሶባ እስክንደርስ ድረስ በመስኮት ወደ ውጭ አየ። «ውሃ ልግዛልህ?» አልኩት አንዴ። «አልጠማኝም» አለኝ። ከንፈሩ ግን ደርቆ ነበር።

ፍሬሙን አስበይዶ፣ ሰንሰለቱን ሞርዶ፣ ቤንዚንና ዘይት ቀላቅሎ እስኪያዘጋጅ ጥቂት ቀን ሄደ። እኔን ምንም አላዘዘኝም፤ አልጠየቀኝምም። የመጀመሪያው የሥራ ቀን ጧት ጆሮው ውስጥ ጨርቅ ጎስጉሶ ግንዱ አጠገብ ቆመ። እኔ ማድ ቤቱ ውስጥ ምስር እየለቀምኩ፣ በተሰቀለው አንሶላ ቀዳዳ አየዋለሁ። ገመዱን ይስባል፤ ይቆማል። ወዲያ ወዲህ ይላል፤ ሰው እንዳላየው ያረጋግጣል፤ እንደገና ይስባል። አንዴ ገመዱን ከአጥሩ ምሰሶ ጋር አስሮ መጋዙን በግራው እየገፋ ሊያስነሳው ሞከረ። ምስሩ ውስጥ ድንጋይ ይኑር አይኑር አላየሁም። ብወጣ ማዋረድ ነው፤ ብቀመጥም እያየሁ መቀመጥ ነው።

በመጨረሻ ወደ እኔ ሳያይ «ነይ» አለ።

ወጣሁ። ፈገግ ሳልል፣ ሁለት እግሬን ተክዬ ሳብኩት። አልተነሳም። በሙሉ ጉልበቴ ደገምኩት፤ ተነሳ። ወዲያው ከእጄ ተቀበለኝ። መጋዙ እንደ ቁጡ አውሬ ጮኸ፤ ከመካከለኛው ጋር የሚነጻጸር አልነበረም። ባሌ ጨርቅ በጆሮው ስለነበረ ሌላ ነገር አልሰማም። እኔ ግን ከጩኸቱ ሥር ሌላ ጩኸት ሰማሁ።

ሴት ናት የምትጮኸው፤ ከአጥር ወዲያ። ከዚያ ሌላ። የሚሮጥ እግር፤ የሚወድቅ ዕቃ፤ «ወደ ውስጥ! ወደ ውስጥ!» የሚል ድምፅ በዓረብኛ። መጀመሪያ ምን እንደሆነ አልገባኝም። ቀና ብዬ ሳይ ጎረቤታችን ልጇን በአንድ እጅ አንጠልጥላ፣ ሰማዩን እያየች ግድግዳ ታክካ ትሮጣለች። ሰማዩን ስታይ ነው የገባኝ። በጦርነቱ ጊዜ ቦምብ ይዞ የሚመጣው ድሮን ድምፁ ልክ እንዲህ ነበር፤ ከሩቅ እንደ ሞተር እያንጎራጎረ መጥቶ አናት ላይ ሲደርስ ይጮኻል ይሉ ነበር። እኔና ባሌ አናውቀውም። እኛ ገዳሪፍ ነበርን።

ከዚያ ሐጃን አስታወስኩ።

በራቸው ላይ የተሰቀለውን ብርድ ልብስ ገልጬ ገባሁ። አልጋቸው ባዶ ነው። «ሐጃ!» አልኩ። መልስ የለም። ጎንበስ ስል ከአልጋው ሥር ተጋድመው አገኘኋቸው፤ ፊታቸውን ግድግዳው ላይ ለጥፈው፣ ሁለት እጃቸውን ጆሯቸው ላይ አድርገው። በምርኩዝ እንጂ መራመድ የማይችሉ ሴት እንዴት እዚያ ሥር እንደገቡ አላውቅም።

«ሄደ?» አሉኝ። «ሄደ ወይ?»

«ሐጃ፣ መጋዙ ነው። የእኛ መጋዝ ነው።»

«ሄደ?»

ውጭ መጋዙ ይጮኻል። እግራቸውን ይዤ ላወጣቸው ስል ቀሚሳቸው እርጥብ መሆኑን እጄ ነገረኝ። ወለሉም እርጥብ ነበር። እርሳቸውም እንዳወቅሁ አወቁ፤ ዓይናቸውን ጨፈኑ። እኒያ ሴት ጎረቤት ሁሉ ቆሞ የሚያሳልፋቸው፣ የሚከናነቡት ቶብ ሁልጊዜ በንጽሕና የታጠበ፣ ከሽቶ ያልተለዩ ሴት ናቸው። ጎትቼ አወጣኋቸው። በር ስለሌለ ብርድ ልብሱን በድንጋይ አጥብቄ ያዝኩና ውሃ አምጥቼ አጠብኳቸው፤ ልብሳቸውን ቀየርኩ፤ ወለሉን ወለወልኩ። በሰው ቤት ብዙ ሰው አጥቤ አውቃለሁ፤ የዚያን ቀን ግን ጥለናቸው የሄድነውን ጊዜ ሁሉ ባንድ ጧት ያየሁ መሰለኝ። እኔ ገዳሪፍ ሆኜ «ሐጃ ደህና ይሆናሉ» እያልኩ የተኛሁባቸው ሌሊቶች እርሳቸው እዚያ አልጋ ሥር ነበሩ።

ስጨርስ እጄን ያዙኝ። «ልጄ፣ ለባልሽ እንዳትነግሪው። ለማንም።»

«ወላሂ አልነግርም» አልኳቸው።

ስወጣ መጋዙ ቆሟል። የሰፈሩ ሰዎች ደጃፍ ላይ ተሰብስበዋል። አንድ ጎልማሳ ጎረቤት «አብደሃል ወይ? ልጆቼ እየተንቀጠቀጡ ነው!» እያለ ይጮኻል። ባሌ መጋዙን እንደ ሌባ ዕቃ በእጁ ይዞ መሃል ቆሟል፤ ጆሮው ውስጥ ያለውን ጨርቅ ገና አላወጣም፤ የሚሉትን በግማሽ ነው የሚሰማው። «መዓሌሽ፣ መዓሌሽ፣ አላሰብነውም» እያልኩ በየተራ ለመንኳቸው። ሄዱ።

ባሌ ጨርቁን አውጥቶ፣ «እሺ፣ ነገ ቀድመን በየቤቱ እንናገራለን፤ ያኔ አይደነግጡም» አለ።

«አይሆንም» አልኩ።

«ለምን አይሆንም?»

«መጋዙ አይነሳ። በቃ።»

«ምክንያቱን ንገሪኛ።»

የሐጃ ብርድ ልብስ ከኋላዬ ተንጠልጥሏል፤ ከእርሱ ወዲያ ሆነው እንደሚሰሙኝ አውቃለሁ። «ከባድ ነው፤ አይሆንልንም» አልኩ። ሌላ ቃል አልመጣልኝም። ያ ቃል ደግሞ ከቃል ሁሉ የከፋው ነበር።

ባሌ መጋዙን ቀስ ብሎ መሬት ላይ አኖረው። «የሱቁ አልበቃሽም?» አለኝ። «እዚያ ያሳቅሽብኝ አልበቃሽም? አሁን ደግሞ አትችልም ልትዪኝ ነው?»

ብመልስ የሐጃን ምስጢር ነው የማወጣው። ዝም ብል ደግሞ አዎ ማለቴ ነው። ወደ ምስሬ ተመለስኩ።

ከዚያ ወዲያ ግንዱ እንደተጋደመ ቀረ። ባሌ መጋዙን በጆንያ ጠቅልሎ አልጋችን ሥር ከተተው። ጧት ይወጣል፣ ማታ ይገባል፣ «ደህና ዋልሽ» ይለኛል፤ ከዚያ በላይ የለም። ሐጃም እኔን ሲያዩ ዓይናቸውን ይሰብሩ ነበር። ለእርሳቸው ስል ከባሌ ተለየሁ፤ ምስጢራቸውን በማወቄ ደግሞ ከእርሳቸውም። ግቢው ውስጥ ሦስት ሰዎች ነን፤ ሦስታችንም ግንዱን እየዞርን እንሄዳለን።

የሰፈሩ ውሃ ጉድጓድ ከአጥራችን ጀርባ ነው። የሰፈሩ ሰዎች ተረዳድተው በፀሐይ የሚሠራ መሳቢያ ተክለውበታል፤ ታንከሩ ሲሞላ ውሃ ለመቅዳት ሁሉም ይሰበሰባል። አንድ አርብ ሐጃ በእኔ ተደግፈው ወጥተው ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ነበር። ባሌም ጀሪካን ይዞ ተሰልፏል። ያች ልጇን አንጠልጥላ የሮጠችው ጎረቤት ስለዚያ ቀን ታወራለች፤ ምጣዷን እንደጣለች፣ ባሏ የጫማ ቁም ሳጥን ውስጥ ሊገባ እንደታገለ። ሴቶቹ በሳቅ ይሞታሉ።

ሐጃ በድንገት ምርኩዛቸውን መሬት ላይ መቱና፣

«እናንተ ምን አላችሁ? እኔን አሽንቶኛል!» አሉ።

ከዚያ አንዲት አሮጊት ከት ብላ ሳቀች፤ ሐጃም ሳቁ፤ ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ። «ወላሂ! አልጋ ሥር ገብቼ! ይቺ ልጅ ናት ጎትታ አውጥታ ያጠበችኝ። ለማንም አትንገሪ ብያት ለባሏ እንኳ አልተነፈሰችም። እኔ ግን ሰለቸኝ፤ የማፍርበትን ዓመት ጨርሻለሁ።»

እኔ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ባሌ ጀሪካኑን እንደያዘ ወደ እኔ ዞረ። የዚያን ቀን «አይሆንም» ያልኩትን ቃል ከራሱ ጋር መልሶ ሲሰማው አየሁ። ሰልፉን ትቶ ሄደ።

ወደ ቤት ስገባ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ነበር።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ማልኩላቸው።»

«እኔ ደግሞ ያን ሁሉ አልኩሽ።»

«የሱቁስ እውነት ነው» አልኩት። «ገመዱን በመሳቤ ይቅርታ።»

ራሱን ነቀነቀ። «ገመዱን ስለሳብሽ አይደለም። እጄ እምቢ ሲል አንቺ ብታስነሺው ምን አለ? ከእነርሱ ጋር ዞረሽ ስትስቂ ነው... » ብሎ አልጨረሰውም። እንዲጨርሰውም አልፈለግሁም። የማውቀው ነገር ነበር፤ ከእርሱ አፍ ሲወጣ ግን ፊቴ ተቃጠለ። አጠገቡ ተቀመጥኩ።

በማግስቱ ብቻውን ኦምዱርማን ወረደ። ትልቁን መጋዝ ባለሱቁ ያገለገለ ነው ብሎ በግማሽ ዋጋ መልሶ ወሰደው፤ ባሌ አልተከራከረም። ያን ጥግ ላይ የነበረውን የኤሌክትሪክ መጋዝ ይዞ መጣ። የሚነሳው ቁልፍ ሲጫኑት ነው። ድምፁም ከስፌት መኪና ትንሽ ቢብስ ነው፤ በኋላ ኃይል ስናገኝ ሐጃ ራሳቸው አጠገቡ ቆመው አስነስተውት «ይሄማ ድመት ነው» አሉ።

ባሌ የጉድጓዱን ኮሚቴ ሰዎች ለመነ፤ እኩለ ቀን ላይ ታንከሩ ሞልቶ መሳቢያው ሲያርፍ የፀሐዩን ኃይል እንድንጠቀምበት ፈቀዱልን። ያ «አብደሃል ወይ?» ብሎ የጮኸው ጎረቤት ነው ረጅሙን ሽቦ ያዋሰን። የመጋዙ ድክመትም አልቀረም፤ ምላሱ ከግንዱ ወርድ ያጥራል፣ ሞተሩም ቶሎ ይግላል። ስለዚህ ባሌ መጀመሪያ የግንዱን ጎንና ጎን ልጦ አጠበበው። ከዚያ ፍሬሙን አሳጥሮ እንደገና አስበየደ፤ በአንዱ ጫፍ እርሱ፣ በሌላው ጫፍ እኔ እንድንይዘው እጀታ አወጣለት። ግንዱን ከአንድ በኩል በድንጋይ ከፍ አድርገን ስላዘነበልነው መጋዙ በራሱ ክብደት ይወርዳል እንጂ ብዙ መግፋት አይጠይቅም።

በዚያ በእኩለ ቀን ፀሐይ ፊት ለፊት ቆመን ስንሰነጥቅ ሰነበትን። አንድ ጣውላ ሳንጨርስ ሞተሩ ይግላል፤ አጥፍተን ጥላ ሥር እንቀመጣለን፤ ሲበርድ እንቀጥላለን። ሰጋቱራው ከንፈር ላይ ሲያርፍ ይመራል፤ አፍንጫ ያቃጥላል። መጀመሪያ ሰሞን ብዙ አናወራም ነበር። «ቀስ»፣ «ያዢ»፣ «ያላ»፤ ይኸው ነበር ንግግራችን። አንድ ቀን ዓይኔ ውስጥ ሰጋቱራ ገባ፤ መጋዙን አጥፍቶ መጥቶ በመሐረቡ ጫፍ አወጣልኝ። ከዚያ «እንጨቱ ደስ ይላል፣ አይደል?» አለኝ። ቀላ ያለ፣ ሞገድ ያለው እንጨት ነበር። «ደስ ይላል» አልኩት።

ጣውላዎቹን ጥላ ሥር፣ በመካከላቸው ቀጫጭን እንጨት እያስገባን ደረደርናቸው፤ እንዳይሰነጠቁ ጫፋቸውን በትርፍራፊ ቀለም ቀባን። እስኪደርቁ ወራት ጠበቅን። አንዳንዶቹ ተጣመሙ፤ ሁለቱ ከመሃል ተሰነጠቁ። «ትልቁ መጋዝ ቢሆን ኖሮ» የሚል ቃል ባሌ አፍ ላይ መጥቶ ሲመለስ አንዳንዴ አየዋለሁ። ትልቁ ለሥራው የተሻለ እንደነበር እኔም አውቃለሁ። ለሰፈሩ ግን አይሆንም ነበር።

የመጀመሪያው በር የሐጃ ነበር። ባሌ ሠርቶ ሲገጥመው ጎረቤቱ ሁሉ መጣ። ሐጃ ብርድ ልብሱን በገዛ እጃቸው አውርደው አጠፉት፤ በሩን በመዳፋቸው ዳሰሱት፤ አሸተቱት። ከዚያ ገቡና እላያችን ላይ ዘጉት። መቀርቀሪያው ሲገባ ሰማን።

«አሁን አንኳኩ!» አሉ ከውስጥ።

ሴቶቹ እየሳቁ አንኳኩ። «ማን ነው?» ይላሉ፤ ስማቸውን ሲናገሩ ይከፍቱላቸዋል፣ ያስገቧቸዋል፣ መልሰው ይዘጋሉ። ባሌም አንኳኳ፤ «ኡስታማ ይግባ» ብለው እልልታ አሰሙለት። እኔ ሰጋቱራውን እየጠረግሁ ወደ ኋላ ቀረሁ። ሁሉም ከገቡ በኋላ ቀርቤ በጣቴ ጫፍ ነካ ነካ አደረግሁት።

«ማን ነው?»

«እኔ ነኝ፣ ሐጃ።»

ወዲያው አልከፈቱም። ያን ጧት ብርድ ልብሱን ገልጬ ሳላንኳኳ የገባሁበት ክፍል አሁን በር አለው። ከውስጥ ሳቅና የብርጭቆ ድምፅ ይሰማኛል። መጥረጊያውን ግድግዳው ላይ አስደግፌ፣ ልብሴን አራግፌ፣ እስኪከፍቱልኝ ድረስ በሩ ፊት ቆሜ ጠበቅሁ።